በሰሜን ሸዋ ደጋ መኪናን ለክረምትና ለውርጭ ማዘጋጀት

በሰሜን ሸዋ ደጋ መኪና በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተናል። አንደኛው ፈተና ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት ሲሆን፣ ዝናቡ፣ በረዶው፣ ጭጋጉና ጭቃው በአንድነት የሚመጡበት ነው። ሁለተኛው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች የሚወርደው ውርጭ ነው። ብዙ ባለመኪና ለመጀመሪያው ጥቂት ይሰናዳና ሁለተኛውን ይዘነጋል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቀኑ ደረቅና ሞቅ ያለ ስለሚሆን፣ ሌሊት በመኪናው ላይ የደረሰው ጉዳት ወዲያው ለዓይን አይታይምና። ስለዚህ ዝግጅቱን በሁለት ከፍሎ፣ ለዝናቡ በግንቦት፣ ለውርጩ በጥቅምት ማከናወን ይገባል።

የአካባቢው አቀማመጥ ራሱ ለየት ያለ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ወደ ጣርማ በር ሲያቀና 3,000 ሜትርን ያልፍና፣ በዚያ ካለው የመንገድ ዋሻ ማዶ 50 ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት ውስጥ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። በመዘዞ አድርጎ ወደ መሐል ሜዳና ወደ ጓሳ የሚጓዝ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ውሎ ሊያድር ይችላል። እንግዲህ አንድ መኪና ማለዳ አመዳይ ለብሶ ተነሥቶ፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ በቆላ ሙቀት ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ለቆላ ወይም ለአዲስ አበባ የሚበቃ ዝግጅት ሁልጊዜ ለዚህ መንገድ አይበቃም፤ በተለይ መኪናውን ከሌላ አካባቢ ገዝቶ ያመጣ ሰው፣ ራዲያተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቅ የመጀመሪያውን የኅዳር ሌሊት በደጅ ማሳደር የለበትም።

በግንቦት መጀመር ያለበት

ከሁሉ አስቀድሞ ጎማውን ይመልከቱ። በደረቅ አስፋልት ላይ ችግር ያላሳየ ጎማ፣ ጥርሱ ካለቀ በእርጥብ መንገድ ላይ ውኃውን ወደ ጎን መግፋት ስለማይችል በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በዚያን ጊዜ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዙም። በብዙ አገሮች ሕግ የሚፈቀደው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ለዝናብ ወቅት 3 ሚሊ ሜትር የቀረውን ጎማ እንደ መጨረሻ ወሰን መያዝ የተሻለ ነው። ጥልቀቱን በጎማው መሐል ብቻ ሳይሆን በውስጥና በውጭ ጠርዙም መለካት ያስፈልጋል፤ አንዱ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ከተገኘ የጎማው አቀማመጥ ስለተዛባ ወደ ጎሚስታ ከመሄድ በፊት አላይመንቱን ማስተካከል ይቀድማል። ንፋሱ የሚለካው መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው በቀዘቀዘበት ማለዳ ነው። የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ የጎማው ንፋስ በ1 ፒ ኤስ አይ ገደማ ስለሚወርድ፣ በቆላ ከሰዓት በኋላ የተሞላ ጎማ ደጋ አድሮ ሲለካ ጎድሎ ሊገኝ ይችላል። ስኮርቱንም መርሳት አይገባም፤ ብዙ ሰው ስኮርት ጎማውን የሚያስታውሰው ሲያስፈልገው ብቻ ነው፣ ያን ጊዜም ንፋስ የሌለው ሆኖ ያገኘዋል።

የዝናብ መጥረጊያው ጎማ በበጋው ፀሐይ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። መስታወቱን ሲጠርግ መስመር መስመር እየተወ ከሄደ ወይም ካንቋረረ በቀጥታ ይለወጥ፤ ዋጋው ከሚሰጠው ጥቅም ጋር አይወዳደርም። መስታወቱ ላይ የተጋገረውን ቅባት በሳሙና ሙልጭ አድርጎ ማጠብም የመጥረጊያውን ሥራ በግማሽ ያቃልለዋል። የፊት፣ የኋላና የፍሬን መብራቶች እንዲሁም ፍሬቻዎች በሙሉ መሥራታቸውን አንድ ሰው ከውጭ ቆሞ እያየ ያረጋግጥ። የፊት መብራቱ ፕላስቲክ ደፍርሶ ወደ ቢጫነት ከተለወጠ፣ አምፖሉ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ብርሃኑ ስለሚደክም፣ ማስወልወል ወይም ማስለወጥ ያስፈልጋል።

ፍሬን ግን ረዘም ያለ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ጉዳይ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፣ ወይም ከለሚ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ ሰው፣ መኪናውን ለረጅም ጊዜ በፍሬን ብቻ ከያዘ ሸራው ይግላል፤ ግለቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ እያረጀ ሲሄድ የሚፈላበት የሙቀት መጠን በጣም ይቀንሳል። ለምሳሌ ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል ተብሎ ሲመረት፣ ውኃ ሲስብ ግን ይህ ወሰን ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ እንዲለወጥ፣ የሸራው ውፍረትም ከክረምት በፊት ጎማው ወልቆ እንዲታይ ያድርጉ። ደረጃውን ያልጠበቀ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ዘይት መጨመር ዘይቱን ካለመለወጥ እምብዛም አይሻልም።

ቁልቁለቱን ለመውረድ የሚመረጠው ማርሽ፣ ሽቅብ ቢሆን ኖሮ መኪናው የሚወጣበት ማርሽ ነው። ማርሹም የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ነቅሎ መኪናውን በቁልቁለት መልቀቅ እጅግ አደገኛ ከመሆኑም በላይ የሚታሰበውን ቁጠባም አያስገኝም፤ ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ሆኖ ነዳጅ ሳይሰጡት ሲወርድ የነዳጅ መርጫውን ስለሚዘጋ፣ ማርሽ ተነቅሎ በባዶ ከሚዞረው ሞተር ያነሰ ነዳጅ ይፈጃል።

ከመኪናው ሥር ያለውን አካል በተመለከተ አንድ የተለመደ አሠራር መታረም አለበት። ዝገት ይከላከላል በሚል የተቃጠለ ዘይት ከሥር የሚያስረጩ ብዙዎች ናቸው። ይህ ዘይት የጎማ ቡሾችን ያበላሻል፣ ወደ ፍሬን ሸራ ከደረሰም ፍሬኑን ያዳክማል፤ በዝናብ ታጥቦ የሚወርደውም በግቢው አፈርና በጉድጓድ ውኃ ላይ ነው። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የሥር ቀለም ማስቀባት፣ ከዚያም በክረምት ጭቃውን ሳይደርቅ በውኃ ግፊት ማሳጠብ የተሻለ ነው። በበሮቹ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት መክፈት ደቂቃዎች ብቻ የሚወስድ ሥራ ሆኖ፣ በር ከውስጥ ወደ ውጭ እንዳይዝግ ያደርጋል።

በረዶ ለሚጥልባቸው ወራት ደግሞ ማቆሚያውን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ቆርቆሮ የለበሰ መጠለያ ከሌለ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም አሮጌ ባና ከላስቲክ በታች አድርጎ ጣሪያውንና የፊት መስታወቱን መሸፈን ከጉዳት ያድናል። በባሕር ዛፍ ሥር ማቆም ግን ከበረዶ መጠለያ መስሎ ቢታይም በነፋስና በዝናብ ቅርንጫፍ ስለሚገነጠል አይመከርም፤ መሬቱ በውኃ ሲርስ ዛፉ ከነሥሩ የሚነቀልበት ጊዜም አለ።

ጭጋግ፣ ጎርፍና መረሬ

የጣርማ በር ጭጋግ በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሁሉ የታወቀ ነው። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ ጭጋጉ ከገደሉ አፋፍ ላይ ይጠራቀማል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ብራ ሆኖ ሳለ ከዋሻው አካባቢ ጥቂት ሜትሮች ብቻ የሚታዩበት ጊዜ ብዙ ነው። በጭጋግ ውስጥ ረጅም መብራት ማብራት ብርሃኑ ከጭጋጉ ተመልሶ የራስን ዓይን ከመውጋት በቀር ጥቅም የለውም፤ አጭር መብራትና፣ ካለ፣ ዝቅ ብሎ የተገጠመ የጭጋግ ፓውዛ ነው የሚያስፈልገው። አራቱንም ፍሬቻ እያበሩ መንዳት ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር መኪናው የቆመ ይሁን የሚሄድ፣ ሊታጠፍ ይሁን ቀጥ ብሎ ሊያልፍ ስለሚያሳስት፣ እነዚህን መብራቶች ለቆመ መኪና ብቻ መተው ይገባል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደ ሠሩት ዋሻ ከመግባትዎ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ፣ መብራት ያብሩ፤ ከውስጥ ሲወጡ ደግሞ ከማዶ ያለው አየር ከገቡበት ሊለይ እንደሚችል አስቀድመው ይጠብቁ።

በዚህ መንገድ ላይ ሕይወት የሚያስከፍል አንድ ልማድ አለ። የተበላሸ መኪና ሽቅብ ላይ ሲቆም ረዳቱ ከጎማው ሥር ትልልቅ ድንጋይ ያኖራል፣ ከኋላም ለምልክት ድንጋይ ይደረድራል፤ መኪናው ተጠግኖ ሲነሣ ድንጋዩ እዚያው አስፋልት ላይ ይቀራል። በጭጋግ ውስጥ ከመጠምዘዣ ማዶ የቀረ ድንጋይ ለሚከተለው መኪና፣ ይልቁንም ለሞተር ሳይክል፣ ወጥመድ ነው። ስለዚህ ሁለት ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክቶችና ከእንጨት የተሠራ የጎማ ማገጃ ከመኪናው አይለዩ፤ ድንጋይ መጠቀም የግድ ከሆነም ያኖረው ሰው ራሱ ሳያነሣው ከቦታው አይሂድ።

ከደብረ ሲና በታች ያሉት ወንዞችና ደረቅ መፋሰሻዎች ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ገደሉን ወርዶ በድንገት ሊደርስ ይችላል። ድልድይ በሌለበት መሻገሪያ ላይ የደፈረሰ ውኃ ሲያዩ ጥልቀቱ እስኪታወቅ ድረስ መቆም፣ እየጨመረ ከሆነም ወደ ኋላ መመለስ ብቸኛው ትክክለኛ ውሳኔ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ፈሳሽ ውኃ ትንሽ የቤት መኪናን ከመሬት ሊያነሣና ሊገፋ ይችላል። ውኃ በአየር ማጣሪያው በኩል ወደ ሞተሩ ከገባ ፒስተኑ ውኃን ማመቅ ስለማይችል ዘንጉ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ውኃ ውስጥ የጠፋን ሞተር ደጋግሞ ለማስነሣት መሞከር ቀላሉን ጉዳት ወደ ከባድ መለወጥ ነው። ዝቅ ያለውን ውኃ ከተሻገሩ በኋላ ቀስ ብለው እየነዱ ፍሬኑን ለስለስ አድርገው ጥቂት ጊዜ በመርገጥ ሸራውን ማድረቅ ይገባል። በገደሉ ዳር ከዝናብ በኋላ አፈርና ድንጋይ ስለሚንሸራተት፣ ከመንገዱ በላይ ያለው ተዳፋት አዲስ የተሰነጠቀ ወይም ጭቃ የሚያፈስ ከሆነ በዚያ ሥር መኪና አቁሞ ማረፍ አይገባም።

በእነዋሪና በደነባ በኩል ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ከመረሬው ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ይህ ጥቁር አፈር ሲርስ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ያለሰልሰዋል። ከመግባት በፊት በእግር ወርዶ ማየት፣ ከገቡ በኋላ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍጥነት ሳይለዋውጡና ሳይቆሙ ማለፍ ይመረጣል። ጎማው አንድ ጊዜ በቦታው መዞር ከጀመረ ነዳጅ መጨመር መኪናውን እስከ አክሰሉ መቅበር ነውና፣ ነዳጁን ትተው አካፋ ያንሡ፤ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ጠርገው ጠጠር ወይም ቅጠል ይደልድሉበት።

በጥቅምት፦ ራዲያተር

ከውርጭ ጋር በተያያዘ በደጋው ላይ ትልቁን ኪሳራ የሚያስከትለው ራዲያተር ውስጥ የሚገኝ ንጹሕ ውኃ ነው። ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ይህን መስፋት የሚቋቋም ብረት የለም። የሞተሩ ብሎክ ላይ በጎን በኩል ያሉት ክብ የብረት ክዳኖች ተገፍተው ሊወጡ፣ የራዲያተሩ ስስ ቱቦዎች ሊሰነጠቁ ይችላሉ፤ ሁኔታው ከከፋም ብሎኩ ራሱ ይሰነጠቃል። ጉዳቱ ማለዳ ላይ አይታይም፤ ስንጥቁን በረዶው ራሱ ደፍኖ ይይዘዋልና። ፀሐይ ሞቅ ስትል ወይም ሞተሩ ሲግል ከመኪናው ሥር ጠብታ ይጀምራል። ጥርጣሬ ሲኖር ራዲያተሩ ከጎን ታንኮቹ ጋር የሚገናኝባቸውን ማዕዘኖች በባትሪ መብራት አስጠግቶ መመልከት ያስፈልጋል፤ ቀጭን ስንጥቅ በዙሪያው ነጭ ወይም አረንጓዴ የደረቀ ቅርፊት ጥሎ ይታያል።

መፍትሔው በሚገባ የተመጠነ አንቲፍሪዝ ነው። አንድ እጅ አንቲፍሪዝ ከሁለት እጅ የተጣራ ውኃ ጋር ሲደባለቅ እስከ ዜሮ በታች 17 ዲግሪ ገደማ፣ እኩል በእኩል ሲደባለቅ ደግሞ እስከ ዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ ሳይረጋ ይቆያል። ለደብረ ብርሃንም ለመንዝም ብርድ የመጀመሪያው መጠን ይበቃል፤ ሆኖም እኩል በእኩል የሆነው ከዝገትና ከመፍላት ስለሚከላከል እርሱን መምረጥ ይሻላል። ንጹሕ አንቲፍሪዝ ያለ ውኃ መጨመር የተሻለ መከላከያ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ውኃ ያልገባበት አንቲፍሪዝ ከድብልቁ ይልቅ ቀድሞ ይረጋል፣ ሙቀትንም በደንብ አያስተላልፍም። የምንጭና የቧንቧ ውኃ በውስጡ ያለው ማዕድን በቱቦዎቹ ውስጥ ስለሚጋገር፣ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ ይጠቀሙ። ቀለሙን ብቻ አይቶ ዓይነቱን መለየት ስለማይቻል የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ መከተል፣ የተለያዩ ዓይነቶችንም አለመደባለቅ ይገባል። በመንገድ ላይ ውኃ እየጨመሩ የሄዱ ከሆነ ድብልቁ ቀጥኗልና ጋራዥ ውስጥ በመለኪያ ያስለኩት። አሮጌው ፈሳሽ መርዛማ ሆኖ ሳለ ጣፋጭ ጣዕም ስላለው፣ ልጆችና ውሾች በሚደርሱበት ቦታ በፍጹም አይደፋ።

የራዲያተሩ ክዳን ትንሽ ዕቃ ቢሆንም በከፍታ ላይ ሥራው ትልቅ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውኃ በድስት ሲፈላ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሞተር ግን በተለምዶ በዚያው አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ባለ ሙቀት ይሠራል፤ ፈሳሹ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ በያዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ መኪናው ሽቅብ ሲወጣ ይፈላል። ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ፈሳሹ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ዕቃ) አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዦች የተለመደ አሠራር ሆኗል። ቆላ ላይ ለጊዜው እፎይታ የሚሰጥ ይመስላል፤ በደጋው ብርድ ግን ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ነዳጅ ያባክናል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል፤ የጋቢናው ማሞቂያም ለብ ያለ አየር ብቻ ስለሚሰጥ የመስታወቱን ጉም ማጥፋት ያቅተዋል። መኪናዎ ቴርሞስታት እንዳለው ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ከሌለው አዲስ ያስገጥሙና የመጋሉን እውነተኛ ምክንያት ያስፈልጉ። ወደ ማሞቂያው የሚሄዱት ቱቦዎች ተቆርጠው እርስ በርስ ተገናኝተው ከሆነም ወደ ቦታቸው ይመለሱ።

ባትሪ፣ ዘይትና ነዳጅ

ብርድ የባትሪውን ጉልበት ሲቀንስ፣ በዚያው ብርድ የወፈረው የሞተር ዘይት ሞተሪኖውን ይበልጥ ስለሚያደክመው፣ ደካማ ባትሪ የሚጋለጠው በመጀመሪያው የውርጭ ማለዳ ነው። መኪናው አድሮ ሳይነሣ ሲለካ 12.6 ቮልት የሚያሳይ ባትሪ ሙሉ ነው፤ 12.2 ቮልት ከሆነ ግማሽ ያህል ወርዷል። ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ባለው መካከል ካልታየ ችግሩ ከዲናሞው ወይም ከቺንጊያው ሊሆን ስለሚችል፣ ባትሪ ከመግዛት በፊት እርሱ ይፈተሽ። ሙሉ ባትሪ በእኛ ብርድ አይረጋም፤ ባዶ የሆነ ባትሪ ግን ከዜሮ ጥቂት ዲግሪዎች ዝቅ ሲል ሊረጋና ቀፎው ሊሰነጠቅ ይችላል። በተርሚናሉ ላይ የሚወጣውን ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት በሞቀ ውኃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ አጥበው፣ አድርቀው፣ አጥብቀው ካሰሩ በኋላ ቫዝሊን ይቀቡት። ሲፈታ አሉታዊው ይቀድማል፣ ሲታሰር ደግሞ አሉታዊው ይከተላል።

ስለ ዘይት በአጭሩ፦ በጣሳው ላይ ከደብሊው ፊደል በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል ቀጭን ሆኖ እንደሚፈስ ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ማለዳ ቶሎ ወደ ሞተሩ ላይኛ ክፍል ይደርሳል። የመኪናው መመሪያ 5ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-30 የሚል ከሆነ፣ መኪናው አርጅቷል በሚል ብቻ ወደ 20ደብሊው-50 መሻገር በደጋው ላይ ሞተሩን በየማለዳው መጉዳት ነው።

በናፍጣ የሚሠሩ መኪናዎች ካንዴሌታዎች (ከመነሣቱ በፊት ሞተሩን ከውስጥ የሚያሞቁት) ከጥቅምት በፊት አንድ በአንድ ይፈተሹ። ከአራቱ አንዱ ሲቃጠል መኪናው በቆላ ያለ ችግር ይነሣል፤ በደጋ ማለዳ ግን እየተንቀጠቀጠና ነጭ ጭስ እያወጣ ይቸገራል። በናፍጣ ማጣሪያው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ በመክፈቻው ማፍሰስ፣ ማታ ማታም ጋኑን ሞልቶ ማሳደር ጠቃሚ ነው፤ በባዶው የጋን ክፍል ውስጥ ባለው አየር ያለ እርጥበት ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውኃ ይሆንና ወደ ነዳጁ ይወርዳል።

ማታ ማቆም፣ ማለዳ ማስነሣት

ከተቻለ መኪናው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ፣ በስተነፋሱ ግንብ ወይም አጥር ባለበት ይቁም፤ የማለዳዋ ፀሐይ ቀድማ መስታወቱን ታገኘዋለች። የፊት መስታወቱን በካርቶን ወይም በባና ሸፍኖ ጫፉን በበሮቹ ማስያዝ አመዳይ እንዳይወርድበት ያደርጋል። ኮፈኑ ላይ የሚደረብ ካለም ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት መነሣት አለበት። የመጥረጊያው ጎማ ከመስታወቱ ጋር እንዳይጣበቅ ቀና ተደርጎ ይደር፤ የመስታወት ማጠቢያው ጋንም ብርድ በሚችል ፈሳሽ ይሞላ እንጂ ባዶ ውኃ አይኑርበት። መኪናው ውኃ ውስጥ ገብቶ ከመጣ የእጅ ፍሬኑ ሽቦና ሸራ ሌሊት ሊረጋ ስለሚችል፣ ሜዳ ላይ በማርሽና በጎማ ማገጃ ማቆም ይመረጣል።

ማለዳ ቁልፉን ከመጠምዘዝ በፊት ኮፈኑን በእጅ መታ መታ ያድርጉ። ድመትና አይጥ የሞቀ ሞተር ፍለጋ ገብተው ያድራሉ፤ አይጥ የበላው ሽቦ ካለም ያኔ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ይሻላል። አመዳዩን በፕላስቲክ ካርድ ወይም በእንጨት መፋቂያ ይጥረጉ፤ የፈላ ውኃ መድፋት መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ቢላዋም ይቧጭረዋል። በፊት መስታወቱ ላይ ለዓይን ብቻ የሚበቃ ትንሽ ቀዳዳ ጠርጎ መነሣት፣ በተለይ ተማሪዎች በጎዳናው በሚበዙበት ሰዓት፣ ፈጽሞ ሊፈቀድ የማይገባ ነው። ከውስጥ ያለውን ጉም ለማጥፋት ማሞቂያውን ከአየር ማቀዝቀዣው ጋር አብሮ ማብራትና አየሩ ከውጭ እንዲገባ ማድረግ በጨርቅ ከመወልወል ይበልጣል።

ናፍጣ ከሆነ ቁልፉን ግማሽ አዙረው የካንዴሌታው መብራት እስኪጠፋ ይጠብቁ። ፍሪሲዮኑን ረግጠው፣ መብራትና ራዲዮ አጥፍተው፣ ሞተሪኖውን ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ይሞክሩ፤ ካልተነሣ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ያሳርፉት። ከተነሣ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ከዚያ ሳያጣድፉ እየነዱ ማሞቅ በቆመበት ነዳጅ እየሰጡ ከማስጮህ ይሻላል። ከሞተሩ ወይም ከነዳጅ ጋኑ ሥር እሳት አንድዶ ለማሞቅ መሞከር ቤትንም መኪናንም ያሳጣል። በመንገድ ላይ ማደር ግድ ከሆነ ደግሞ በተዘጋ ጋቢና ውስጥ ከሰል ማንደድ ወይም ሞተሩን አስነሥቶ መተኛት ሽታ በሌለው ጭስ ሳይነቁ መሞትን ስለሚያስከትል፣ ብርድ ልብስና ካፖርት ከጥቅምት እስከ ጥር ከመኪናው መውጣት የለባቸውም።

ባትሪው ከደከመና ሌላ መኪና ከተገኘ ሽቦው የሚያያዝበት ቅደም ተከተል ይጠበቅ። ቀዩ ሽቦ መጀመሪያ ከደካማው ባትሪ አዎንታዊ፣ ቀጥሎ ከጤነኛው አዎንታዊ ይያያዛል፤ ጥቁሩ ከጤነኛው አሉታዊ ይነሣና መጨረሻው በደካማው መኪና ሞተር ላይ ካለ ያልተቀባ ብረት ይሆናል እንጂ ከባትሪው አጠገብ አይሆንም፤ ከባትሪው የሚወጣ ጋዝ በብልጭታ ሊፈነዳ ይችላልና። በተለይ ባትሪው ረግቶ ቀፎው አብጦ ወይም ተሰንጥቆ ከታየ በፍጹም አይያያዝ። ገፍቶ ማስነሣት በእጅ ማርሽ ለሚሠራ መኪና ብቻ ነው፤ አውቶማቲክን መግፋት አያስነሣውም። መኪናው ከተነሣ በኋላ የአጭር ርቀት ጉዞ ባትሪውን ስለማይሞላው፣ በዚያው ቀን ቻርጅ ይደረግ፣ በማግስቱም ማለዳ ሳይነሣ ቮልቱ ይለካ፤ 12.4 ካልሞላ ባትሪው ለቀጣዩ የውርጭ ሌሊት አይታመንም።